ከእግዚአብሔር ፍቅር ማን ይለየናል? ስለ አማኞች ዋስትና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድኖች ውስጥ «ድነት ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?» የሚለውን ያህል ረጅም ክርክር የሚያስነሣ ጥያቄ ጥቂት ነው። ክርክሩ በጥቅስና በመልስ ጥቅስ ቢካሄድም ጠያቂው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ራሱ ወይም ስለሚወደው ሰው ነው፤ ወድቋል፣ ጸሎቱ ደርቆበታል፣ ወይም ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ልጅ አለው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት እግዚአብሔር የጀመረውን ሥራ ይፈጽማል ከሚል እምነት በመነሣት ነው። በዚህ አቋም የማይስማሙ ክርስቲያኖች የሚሉትም በየቦታው ተጠቅሷል።

የእግዚአብሔር ፍቅር ዘላለማዊ ነው የምንለው በምን ላይ ተመሥርተን ነው?

በቃል ኪዳኑ ላይ ነው። በዘፍጥረት 15 እግዚአብሔር አብራምን እንስሶች እንዲያመጣ ያዘዋል፤ አብራምም ለሁለት ከፍሎ ትይዩ ያኖራቸዋል። ከኤርምያስ 34፥18 እንደምንረዳው በጥንቱ ዘመን ኪዳን የሚጋቡ ሰዎች በተከፈለው ሥጋ መካከል ያልፉ ነበር፤ ቃሉን ያፈረሰ ሰው የእንስሳው ዕጣ ይድረሰው እንደ ማለት ነው። በዚያች ሌሊት ግን አብራም ከባድ እንቅልፍ ወደቀበት፤ በሥጋው መካከል ያለፉት የሚጤስ ምድጃና የእሳት ነበልባል ብቻ ናቸው። ከሁለቱ ተዋዋዮች መካከል በመሐላው ራሱን ያሰረው እግዚአብሔር ነው፤ አብራም በተኛበት የጸና ኪዳን በአብራም ንቃት ላይ ሊመሠረት አይችልም።

ይህ ፍቅር ለሚገባቸው ሰዎች የተነገረ አለመሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። «በዘላለም ፍቅር ወድጄሻለሁ» የሚለው የኤርምያስ 31 ቃል የተነገረው ኪዳኑን ላፈረሰ፣ ስለ ጣዖት አምልኮውም ወደ ምርኮ ለሄደ ሕዝብ ነው። ሚልክያስ 3፥6 ደግሞ ምክንያቱን በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ የያዕቆብ ልጆች ያልጠፉት እግዚአብሔር ስለማይለወጥ እንጂ እነርሱ ስላልተለወጡ አይደለም። በግእዙ ዳዊት 135ኛ፣ በብዙዎቹ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሶች 136ኛ ሆኖ የሚቆጠረው መዝሙር በ26 ቁጥሮቹ ሁሉ «ምሕረቱ ለዘላለም ናትና» እያለ ከፍጥረት ተነሥቶ በቀይ ባሕር አልፎ ለሥጋ ሁሉ ምግብ እስከሚሰጠው አምላክ ይደርሳል። ዘማሪው ትልቁን ታምርና የዕለት እንጀራን በአንድ ምሕረት ሥር ማስገባቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባሕር ሲከፈል ያላየ ሰው እንጀራ ያልበላበት ሳምንት አይኖርምና።

ሮሜ 8 በትክክል ቃል የሚገባው ምንድን ነው?

ሐዋርያው ጳውሎስ የሮሜን መልእክት የጻፈው በ57 ዓመተ ምሕረት ገደማ (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር) በቆሮንቶስ ሳለ ነው፤ በወደቡ በክንክራኦስ የምታገለግለውን ፌቤንን በመጨረሻው ምዕራፍ ማስተዋወቁም ከዚሁ ጋር ይስማማል። በ8፥35 ላይ መከራን፣ ጭንቀትን፣ ስደትን፣ ራብን፣ ራቁትነትን፣ ፍርሃትንና ሰይፍን ይዘረዝራል። ዝርዝሩ የንግግር ማሳመሪያ የሚመስለው ሰው ከእርሱ አስቀድሞ የተጻፈውን ሁለተኛ ቆሮንቶስ 11ን ያንብብ፤ ጳውሎስ መገረፉን፣ በድንጋይ መወገሩን፣ መራቡን፣ መራቆቱንና በየመንገዱ ያገኘውን አደጋ እዚያ ይቆጥራል። ከሰባቱ ስድስቱ የደረሱበት ናቸው። ሰባተኛው፣ ሰይፉ፣ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት በኔሮን ዘመን በሮም ደርሶበታል።

እንግዲህ ምዕራፉ አማኝ ከእነዚህ ነገሮች ይድናል አይልም። እንዲያውም ቀጥሎ የሚጠቅሰው «ስለ አንተ ቀኑን ሁሉ እንገደላለን» የሚለውን የመዝሙር 44 ልቅሶ ነው። ቃል የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ከእነዚህ አንዱም ሰውን በክርስቶስ ካለው ከእግዚአብሔር ፍቅር አይለይም። በመድረክ ላይ «ምንም አይነካህም» የሚል ስብከት ሲሰማ ሮሜ 8 በማስረጃነት መቅረቡ የተለመደ ነው፤ ምዕራፉን ግን ከዚህ የበለጠ መገልበጥ የሚቻል አይመስለኝም።

በአገራችን የቅርብ ታሪክ ውስጥ ይህ የታየበት ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በታንዛንያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት ዕድል ተገኝቶላቸው መንጋቸውን ትተው መሄድን አልፈቀዱም፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ከባድ ስቃይ ተቀብለው ለአሥር ዓመት ታሰሩ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ክረምት በደርግ እጅ ሞቱ፤ የሁለቱም አፅም የተገኘው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ሁለቱ አባቶች በብዙ የትምህርተ ሃይማኖት ነጥቦች ላይ ባልተስማሙ ነበር። የጳውሎስ ዝርዝር ግን ለሁለቱም እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ተፈጽሟል፤ የ8፥35 ጥያቄም ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ አለው።

አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ጉዳይ አንድ ዓይነት አቋም አላቸውን?

የላቸውም፤ ልዩነቱንም መደበቅ አይጠቅምም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ድኅነትን የምታስተምረው በጥምቀት ተጀምሮ በንስሓና በቅዱስ ቁርባን እየተጠበቀ እስከ ፍጻሜ የሚዘልቅ ሕይወት አድርጋ ነው፤ «እስከ መጨረሻ የሚጸና እርሱ ይድናል» የሚለው የጌታ ቃል በዚህ ትምህርት ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1547 ባወጣችው ውሳኔ፣ ልዩ መገለጥ ካልተሰጠው በቀር ማንም እስከ መጨረሻ እንደሚጸና በፍጹም እርግጠኝነት መናገር እንደማይችል ደንግጋለች። ሉተራውያን እ.ኤ.አ. በ1530 በአውግስበርግ የእምነት መግለጫ 12ኛ አንቀጽ፣ አንድ ጊዜ የጸደቁ ሰዎች መንፈስ ቅዱስን ሊያጡ አይችሉም የሚለውን ትምህርት ተቃውመዋል። የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት (የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉት፤ ፕሬስቢቴሪያኖችም ከእነርሱ ወገን ናቸው) በበኩላቸው እ.ኤ.አ. ከ1618 እስከ 1619 በሆላንድ በተደረገው የዶርት ጉባኤ እግዚአብሔር የመረጣቸውን እስከ መጨረሻ ይጠብቃል ብለው አጸኑ።

ይህ ሁሉ የአውሮፓ ታሪክ ቢሆንም ወደ ቤታችን ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 የፕሬስቢቴሪያን ውርስ የነበራት የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ሉተራዊ መሠረት ካላት ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሕዳለች፤ በዶርትና በአውግስበርግ የተለያዩት ሁለት ወንዞች በአንዲት ኢትዮጵያዊት ቤተ ክርስቲያን ተገናኝተዋል ማለት ነው። በጴንጤቆስጤ ወገን ያሉ ብዙ መምህራን አማኝ ከእምነት ሊወድቅ ይችላል ሲሉ፣ በባፕቲስቶች ዘንድ ደግሞ ተቃራኒው በስፋት ይሰበካል።

ልዩነቱ ወዳጅነትን እንዲያፈርስ የሚፈልግ ሰው እንግሊዛውያኑን ሰባክያን ጆን ዌስሊንና ጆርጅ ኋይትፊልድን ያስብ። በአስቀድሞ መመረጥና በጽናት ትምህርት ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1740 ጀምሮ በአደባባይ ተለያይተው የነበረ ቢሆንም፣ ኋይትፊልድ በ1770 ሲያርፍ በለንደን የመታሰቢያውን ስብከት የሰበከው ዌስሊ ነው።

ዕብራውያን 6 «የወደቁትን ማደስ አይቻልም» ይላል። ይህ ዋስትናን አያፈርስምን?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ አቃልለው የሚያልፉትም ሰዎች ጠያቂውን አይረዱትም። የዕብራውያን ጸሐፊ የሚናገረው አንድ ጊዜ ብርሃን ስለበራላቸው፣ ሰማያዊውን ስጦታ ስለ ቀመሱና ከመንፈስ ቅዱስ ተካፋይ ስለሆኑ ሰዎች ነው፤ ገለጻው ላይ ላዩን ብቻ ያመኑ ሰዎችን የሚመለከት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል አይደለም። እንደ እኔ አስተያየት፣ ማስጠንቀቂያው እውነተኛ ነው፤ የተነገረውም ለእውነተኛ አድማጮች ነው።

ይሁን እንጂ ጸሐፊው በቁጥር 9 ላይ «ስለ እናንተ ግን» ብሎ አንባቢዎቹ ለመዳን የሚሆነው የተሻለ ነገር እንዳላቸው መረዳቱን ይገልጻል፤ ምዕራፉንም የሚደመድመው ለአብርሃም በተማለው መሐላና «እንደ ነፍስ መልሕቅ» በሆነው ተስፋ ነው። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አስፈሪው ማስጠንቀቂያና ጽኑው መሐላ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ጸሐፊው አንዱን ለማዳን ሌላውን አልሰረዘም።

ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሠሩ ለመረዳት የሐዋርያት ሥራ 27ን ማንበብ ይጠቅማል። ጳውሎስ በማዕበሉ መካከል የእግዚአብሔርን መልአክ ቃል ጠቅሶ በመርከቡ ካሉት አንዲት ነፍስ እንኳ እንደማትጠፋ ይናገራል፤ ቃሉ ያለ ቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ነው። ጥቂት ቆይቶ መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሞክሩ ግን ለመቶ አለቃው «እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም» ይለዋል። ወታደሮቹም ተስፋው አለን ብለው አልተቀመጡም፤ የታንኳውን ገመድ ቈረጡ። በመጨረሻም 276ቱ ሁሉ ወደ ምድር ደረሱ። ማስጠንቀቂያው ተስፋው የተፈጸመበት መንገድ ሆነ። በዕብራውያን ያለውንም እንዲሁ ብናነብበው፣ እግዚአብሔር ልጆቹን ከሚጠብቅባቸው መንገዶች አንዱ ገደሉን አሳይቶ ማስጠንቀቅ እንደሆነ እንረዳለን፤ ያንን ማስጠንቀቂያ ሰምቶ የሚመለስ ሰውም እየተጠበቀ ያለ ሰው ነው።

እምነትን በይፋ ትተው ያልተመለሱ ሰዎችስ? 1ኛ ዮሐንስ 2፥19 ከመካከላችን የወጡት ከእኛ ወገን እንዳልነበሩ ይናገራል፤ ሌሎች ክርስቲያኖች ግን እነዚህ ሰዎች በእውነት የነበራቸውን አጥተዋል ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ከክርስቶስ ርቆ ለመኖር የቆረጠን ሰው «አይዞህ፣ ድነሃል» ብሎ ማስተኛት ለማንም አልተፈቀደም።

ዋስትና ካለኝ እንደ ፈለግሁ ብኖር ምን ይከለክለኛል?

ጳውሎስ ይህን ጥያቄ በሮሜ 6፥1 ራሱ አንሥቶ ወዲያው ይዘጋዋል፤ ለኃጢአት የሞተ ሰው ዳግመኛ በእርሱ ሊኖር አይችልምና። የተቀበለውን ፍቅር ለኃጢአት ፈቃድ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ሊመረምረው የሚገባው ዋስትናው ይጠፋ እንደሆነ ሳይሆን ቀድሞውኑ ያንን ፍቅር አውቆት እንደሆነ ነው።

ካመንሁ በኋላ ከባድ ኃጢአት ሠርቻለሁ። እግዚአብሔር ትቶኛልን?

ጌታ በሉቃስ 22 ለስምዖን የነገረውን በቅደም ተከተሉ ማስተዋል ያስፈልጋል። ሰይጣን እንደ ስንዴ ሊያበጥራቸው እንደ ለመነ ከነገረው በኋላ «እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ» አለው፤ ቀጥሎም «በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና» የሚል ሥራ ሰጠው። ምልጃው የቀደመው ክህደቱን ነው፤ ዶሮ ሳይጮህ፣ ጴጥሮስም ገና በራሱ ተማምኖ ሳለ መመለሱ ተጸልዮለት ነበር። ጸሎቱ ጴጥሮስ እንዳይወድቅ አልነበረም፤ ጴጥሮስ ወድቋል፣ በመሐላም ክዷል። እምነቱ ግን አልጠፋም፤ ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ፣ ከትንሣኤ በኋላም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ተብሎ ተጠየቀ። ጌታ ስለ ክህደቱ ሳይጠይቀው ስለ ፍቅሩ ብቻ መጠየቁን ብዙ ሰባክያን ያነሣሉ፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ጥያቄው ሕመም እንደነበረው መጻፉ ነው። ጴጥሮስ በሦስተኛው ጥያቄ አዘነ። መመለስ ያለ ሕመም አይሆንም፤ ጌታ የሚወደውን ይቀጣል የሚለው የዕብራውያን 12 ቃልም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው።

ዳዊት በመዝሙር 51 የለመነውም የሚያጽናና ነው። መንፈስ ቅዱስ እንዳይወሰድበት በብርቱ ይለምናል፤ እንዲመለስለት የሚጠይቀው ግን የማዳን ደስታን ነው። በኃጢአት የሚኖር አማኝ ደስታውን፣ ሰላሙንና የጸሎት ድፍረቱን ያጣል፤ ያጣው ነገር ብዙ ስለሆነም ሁሉን እንዳጣ ሊመስለው ይችላል። መንገዱ የታወቀ ነው፤ ኃጢአቱን በስሙ ጠርቶ መናዘዝ፣ የበደለው ሰው ካለ ከእርሱ ጋር መታረቅና መካስ፣ ለሚታመን አገልጋይም መንገር። ሕግን የሚመለከት ወንጀል ከሆነ በሕግ ፊት መቅረብም የንስሓው ክፍል ነው።

ይቅር የማይባለውን ኃጢአት ሠርቼ ይሆን?

በማርቆስ 3 ይህ ቃል የተነገረው ጌታ አጋንንትን በብዔል ዜቡል ያወጣል ላሉ ጻፎች ነው፤ በዓይናቸው ፊት የታየውን የመንፈስ ቅዱስ ሥራ አውቀው የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው አሉ። አንዳች ክፉ ሐሳብ በአእምሮው ውስጥ ያለ ፈቃዱ የሚያልፍና ስለዚያ የሚያለቅስ ሰው በዚህ ስፍራ የለም። ይህ ሐሳብ ሌሊትና ቀን የማይለቅቅ ከሆነና እንቅልፍ ከነሣ፣ ከጸሎት ጎን የአእምሮ ሐኪም ማማከር እምነት ማነስ አይደለም።

እርግማን፣ መተት ወይም አንድ «ነቢይ» የተናገረው ቃል ከእግዚአብሔር ፍቅር ሊለየኝ ይችላልን?

ይህ ጥያቄ በነገረ መለኮት መጻሕፍት ውስጥ ብዙም አይገኝም፤ በእኛ ሰፈር ግን የዕለት ጉዳይ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 8፥38 ላይ መላእክትን፣ ግዛትንና ኃይላትን የጨመረው ለኤፌሶንና ለሮም ሰዎችም የዕለት ጉዳይ ስለነበረ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ 19 በኤፌሶን አማኞች ያቃጠሏቸው የጥንቆላ መጻሕፍት ዋጋ 50,000 የብር ሳንቲም ሆኖ ተቈጥሯል። ሐዋርያው እነዚህ ኃይላት የሉም አላለም፤ ከፍታም ዝቅታም፣ ሌላ ማናቸውም ፍጥረት ሊለየን አይችልም አለ። ዝርዝሩን የሚዘጋው «ልዩ ፍጥረትም ቢሆን» የሚለው ቃል ነው። ቡዳም ሆነ ዛር፣ ሟርትም ሆነ የተጻፈ አሸን ክታብ ፍጥረት ነው፤ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

የበለጠ የሚያሳዝነው ግን ማስፈራሪያው ከአገልጋይ አፍ ሲመጣ ነው። «ከዚህ ቤት ብትወጣ ትረገማለህ»፣ «ይህን ያህል ካልሰጠህ በረከትህ ይዘጋል» የሚል ሰው የክርስቶስን ፍቅር በእጁ የያዘ ቁልፍ አስመስሎታል። ክርስቶስ በዮሐንስ 10 በጎቹን ከእጁ ማንም እንደማይነጥቃቸው፣ ከአባቱም እጅ ሊነጥቃቸው የሚችል እንደሌለ ተናግሯል። በዚያ «ማንም» ውስጥ ሰባኪውም አለ።

ድኜ እንደሆነ ምንም አይሰማኝም። በየኮንፈረንሱ እንደ ገና ወደ መድረክ መውጣት አለብኝን?

አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1646 የተዘጋጀው የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ፣ ስለ ጽናት ያለውን አቋም ካስቀመጠ በኋላ ለማረጋገጫ ጉዳይ፣ ማለትም ሰው መዳኑን ለማወቁ ጉዳይ፣ የተለየ ምዕራፍ ሰጥቶታል፤ እውነተኛ አማኝ ይህን ማረጋገጫ ከማግኘቱ በፊት ብዙ ሊጠብቅና ብዙ ሊታገል እንደሚችልም በግልጽ ይናገራል። በእግዚአብሔር እጅ መጠበቅ አንድ ነገር፣ በእጁ መጠበቁን ማወቅ ሌላ ነገር ነው። የዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት ሰው ራሱን የሚመለከትባቸው ነገሮች ይሰጣል፤ በኢየሱስ ማመን፣ ትእዛዛቱን መጠበቅና ወንድምን መውደድ። ከእነዚህ አንዱም የጋለ ስሜት አይደለም። በየጊዜው እጅ እያነሡ «ጌታን መቀበል» ግን ፊተኛው ቃል ኪዳን ዋጋ እንደሌለው የሚያስተምር ልማድ ነው፤ ሰባክያንም የሚወጣውን ሕዝብ ብዛት ለማየት ሲሉ ይህን ባያበረታቱ መልካም ነው።

በልጅነቱ ያመነ፣ አሁን ግን እምነቱን የተወ ልጅ አለኝ። ምን ልበል?

ስለ እርሱ የመጨረሻውን ቃል ለመናገር አይቸኩሉ፤ ድኗልም ጠፍቷልም አይበሉ። በሉቃስ 15 አባትየው ልጁ በሩቅ ሳለ ማየቱ ሲጠብቀው እንደ ቆየ ያሳያል። ቤትዎ የሚመለስበት ቤት ሆኖ ይቆይ፤ እያንዳንዱ ምሳ ወደ ስብከት ካልተለወጠ ይበልጥ ይመጣል።

በአረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልችልም። ከእግዚአብሔር ርቄ ይሆን?

መሰብሰብን አትተዉ የሚለው የዕብራውያን 10 ቃል የተጻፈው መሰብሰብ እየቻሉ ለተዉ ሰዎች ነው፤ በር ለተቆለፈባት እኅት አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ ለክርስቲያኖች የተፈቀደ የአምልኮ ቤት የላትም፤ በሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ለምሳሌ በዱባይ፣ በኩዌት፣ በዶሃና በማናማ ከተሞች፣ የተፈቀዱ ቦታዎች ቢኖሩም የዕረፍት ቀን ለማይሰጣት ሠራተኛ ርቀታቸው ከሳዑዲ ብዙም አይለይም። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በእናንተ መልካሙን ሥራ የጀመረው ይፈጽመዋል ብሎ ሲጽፍ እርሱ ራሱ እስረኛ ነበር፤ ከጉባኤያቸው የሚያገናኘው ነገር አፍሮዲጡ ያመጣለት ስጦታና መልእክት ብቻ ነበር። ቤተሰቦችና አጥቢያዎች የአፍሮዲጡን ሥራ ሊሠሩ ይገባል፤ በስልክ የሚላክ የድምፅ ጸሎት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚነበብ አንድ ምዕራፍ፣ ከገንዘብ ላኪነቷ ውጭ ስለ ራሷ የሚጠይቅ ሰው። ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወር ደግሞ የተፈቀደ ጉባኤ ፈልጋ ትቀላቀል፤ እስከዚያ ድረስ ያጣችው የወንድሞችና የእኅቶች ኅብረት ነው፣ እርሱም ትልቅ ጉድለት ነው፤ የክርስቶስ ፍቅር ግን አልጎደለባትም።